ጭራ የሌለው ክምር

እመት ክምር የሌሉበት መሥሪያ ቤት የለም። እኛ ጋ የሉም የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ገና አልተቀጠሩም፣ ወይ በጡረታ አሰናብታችኋቸው አሁን ጣራው ለምን እንደሚያፈስ ግራ ገብቷችኋል።

ታውቋቸዋላችሁ። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል፣ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ሰብስቦ የመኪና ቁልፉን ከኪሱ ማውጣት ሲጀምር፣ ከጥግ እጃቸውን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ሰብሳቢው እንዳላየ ይሆናል። ጎረቤት ወንበር ላይ ያለው ጣራ ጣራውን ያያል። እጅየው ግን አይወርድም። በመጨረሻ ሰብሳቢው ጨንቆት «እሺ እትዬ» ሲላቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ ያደርጉና ያችን ነገር ይሏታል።

«አማካዩን ተዉትና ክምሩን አሳዩኝ።»

ስለሳቸው ልጽፍ የተነሳሁት ለመሳቅ ነበር። ብዙ የሚያስቅ ነገር አላቸው፣ እነግራችኋለሁ። ግን አንድ ረቡዕ ጠዋት አለ፤ እሱ ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ሳቁ ይጠፋብኛል። ወደዚያ መድረሳችን አይቀርም።

እኔ የምሠራው አምቡላንስ በሚሰማራበት መሥሪያ ቤት ነው። ሰው ይደውላል፣ መኪና እንልካለን፣ በወሩ መጨረሻ እኔ ሪፖርት እጽፋለሁ። ክብርት እመት ክምር በሹመታቸው የመረጃ ክፍል ባለሙያ ናቸው፤ በግብራቸው ደግሞ የኔን ሪፖርት መላሽ። ስሙን ያወጡላቸው ሹፌሮቹ ናቸው። ሲሰሙት ይቆጣሉ ብለን ብንጠብቅ «ከበፊተኛው ይሻላል» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የበፊተኛው ምን እንደነበረ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ክምር የሚሉት፣ መጽሐፉ ሂስቶግራም የሚለውን ነው። ነገሩ ከባድ አይደለም፤ የሚያከብዱት እሳቸው ናቸው። ግድግዳ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ደቂቃዎቹን በተርታ ይጽፋሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥሪ አንዲት ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት እያነሱ፣ መኪናው በአምስት ደቂቃ ደርሶ ከሆነ አምስት ላይ፣ በሰባት ደርሶ ከሆነ ሰባት ላይ፣ አንዷን በአንዷ ራስ ላይ ይደረድራሉ። ብዙ ጥሪ የወደቀበት ይቆለላል፣ ጥቂት የወደቀበት ያጥራል። ሲያልቅ ጉብታም ሸለቆም ጭራም ያለው ሥዕል ይወጣል። ኮምፒውተር ይህን በአንድ ጠቅታ እንደሚሠራው ስንቴ ነገርኳቸው መሰላችሁ!

«መሥራቱንማ ይሠራል» ይላሉ። «ስንቱን ደቂቃ በአንድ ሳጥን እንደሚከት ማን መረጠለት?»

ተነስቼ እሄዳለሁ።

የጃኬቱን ጉዳይ ልንገራችሁ። ለሠራተኛው ሁሉ የሥራ ጃኬት ይገዛ ተባለ፤ የሰውነት ልክ ተሰበሰበ፣ ተደመረ፣ ተካፈለ፣ አማካይ ወጣ። የኛ ሹፌሮች በር ለማለፍ በጎናቸው የሚዞሩ ናቸው፣ ነርሶቻችን ደግሞ ንፋስ የሚወስዳቸው። እመት ክምር ሁለት ጉብታ ያለው ክምር ሠርተው፣ መሃል ላይ ያለውን ባዶ ሸለቆ በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ «እዚህ ጋ እኮ ሰው የለም» አሉ። ማን ሰምቷቸው! ጃኬቱ መጣ፣ ሁሉም ልክ በልክ መካከለኛ። ሹፌሮቹ ላይ አልቆለፍ አለ፤ ነርሶቹን ዋጣቸው። ዛሬ ዕቃ ግምጃ ቤት ተደርድሮ ያን አማካይ የሚባለውን ሰውዬ ይጠብቃል። ሰውዬው እስካሁን አልተቀጠረም።

የታካሚዎችን ዕድሜ የከመሩ ዕለት ደግሞ አርባ ላይ ምሰሶ፣ ሃምሳ ላይ ምሰሶ፣ ስልሳ ላይ ምሰሶ ሆነ። አርባ አንድና ሃምሳ ሦስት ላይ ወና።

«ወይ ጉድ! እናቶቻችን የሚወልዱት በየአሥር ዓመቱ ነው እንዴ?»

ዜሮ ላይም አንድ ቁልል ነበረ። ከቁልሉ አንዱን መዘው ጮክ ብለው አነበቡልን፤ «ዕድሜ ዜሮ። ሰክሮ ከደረጃ ወድቆ የተገኘ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን ያለው ባለጌ ሕፃን ነው!» ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ጥሪ የሚመዘግቡት ልጆች ዕድሜ ካላወቁ ዜሮ ይጽፋሉ፣ በግምት ካወቁ አርባ። እሳቸው ግን ከሳቁ በኋላ ኮስተር ብለው አንድ ነገር አሉ፤ ያኔ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

«ተፈጥሮ እንዲህ አይቆልልም። እንዲህ የሚቆልለው የሰው እጅ ነው።»

ቤታቸውም ያው ናቸው። ልጃቸውን ለማግባት የመጣው ጎልማሳ «በአማካይ አላረፍድም» ብሎ አፉን አዳለጠው። በሆዳቸው ያዙለት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሳሎን አስቀምጠው «ሁለት ጉብታ አለህ የኔ ልጅ» አሉት። «አንደኛው በሰዓቱ ከች ይላል። ሁለተኛው አንድ ሰዓት ያረፍዳል። ልጄን የሚያገባት የትኛው ነው?» ልጁ ላብ በላብ ሆነ። ሲጣራ፣ የሚያረፍደው እናቱን ይዞ ሲመጣ ነው፤ እግራቸውን ስለሚያማቸው ቀስ ብሎ ነው የሚያመጣቸው። እመት ክምር ይህን ሲሰሙ ተነስተው ግንባሩን ሳሙት። «በል ሁለተኛው ያግባት» አሉ።

እንግዲህ እኚህ ናቸው። እውነቱን ልናገርና፣ ያ ረቡዕ ሲመጣ እኔ ሰልችተውኝ ነበር።

ከተማችንን የባቡር ሐዲድ ለሁለት ይከፍላታል። ከሐዲዱ ወዲህ ዋናው ጣቢያችን አለ። ከሐዲዱ ወዲያ፣ ማዶ በምንለው ሰፈር፣ አንዲት አምቡላንስ ያለችው ትንሽ ጣቢያ ነበረች። ሥራ አስኪያጃችን ከኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ፈጣን፣ ክፋት የሌለው ሰው ነው። «ለሙከራ» ብሎ የማዶዋን መኪና ወደ ዋናው አዛወራት። ከዚያ ወዲህ ማዶ ሰው ሲታመም መኪና የሚሄደው ሐዲዱን ተሻግሮ ነው። በስንት ደቂቃ ይደርሳል? አማካዩ ዘጠኝ። ያውም ራሴ ነኝ ያሰላሁት፣ ደግሜ አይቼዋለሁ፣ ስህተት የለበትም። ያን ረቡዕ ጠዋት የሚወሰነው አንድ ነገር ነበር፤ የማዶው ጣቢያ ጭራሽ ይዘጋ ወይስ መኪናዋ ትመለስለት።

እናቴ የምትኖረው ማዶ ነው፣ ከታናሽ እህቴ ጋር። ልቧን ያማታል። ስለዚህ ነገሩ ለኔ ወረቀት ብቻ አልነበረም፤ ግን ዘጠኝ ደቂቃ ምን ይወጣለታል? እህቴ «መኪናዋን ወሰዷት አሉ፣ እማዬ አንድ ነገር ብትሆንስ?» ስትለኝ «አታስቢ፣ በዘጠኝ ደቂቃ ከተፍ ይላሉ» ብያት ነበር። እርግጥ ከማዶ ቅሬታ ይዘው የሚመጡ ነበሩ። አንድ ሰውዬ «ግማሽ ሰዓት ጠበቅን» ብሎ እንግዳ መቀበያው ጋ ቢጮህ፣ «አማካዩ ዘጠኝ ነው ጌታዬ» ተብሎ በትሕትና ተሸኘ። በአማካይ ቶሎ እንደደረሱለት ተነግሮት ወደ ቤቱ ሄደ።

ረቡዕ ስንገባ የስብሰባው ክፍል ግድግዳ ቢጫ ለብሷል። እመት ክምር ማልደው ገብተው ሁለት ክምር ሠርተዋል። በግራ በኩል የወዲህኛው ሰፈር ነው፤ ስድስትና ሰባት ላይ ያበጠ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እየሳሳ የሚወርድ፣ እስከ ሃያ ምናምን ድረስ አንድ አንድ ወረቀት እያንጠባጠበ የሚሄድ ረጅም ጭራ ያለው። በቀኝ በኩል ማዶ፤ ስምንት ላይ ጥቂት፣ ዘጠኝ ላይ ጣራ ሊነካ የደረሰ ምሰሶ፣ አሥር ላይ ጥቂት፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ እስከ መብራት ማብሪያው ድረስ ባዶ ግድግዳ።

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ በራ። «እትዬ፣ ዛሬስ ደግ ነገር ይዘው መጡ! እዩት እስቲ፣ ሁሉም ዘጠኝ! ሥራ ማለት እንዲህ ነው።»

«እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው» አሉ እመት ክምር።

«ምኑ?»

«ማማሩ።» ወደ ግራው ክምር ዞሩ። «ይኼው፣ ወዲህ ጭራ አለ። ዝናብ የጣለበት ቀን አለ፣ ጎማ የፈነዳበት ቀን አለ፣ አድራሻ የጠፋበት ቀን አለ። ማዶ ግን ማንም ዘግይቶ አያውቅም። ያውም የባቡር መሻገሪያ እያለፉ! ባቡር ያለፈበት ቀን የት ገባ? እኔ ጭራ የሌለው ክምር አይቼ አላውቅም።»

«በኮምፒውተር አውጥቼዋለሁ እኮ እትዬ። ምንም የታየኝ ችግር የለም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አየሁልህ። ከዜሮ እስከ አሥር ያለውን በሙሉ አንድ ሳጥን ውስጥ ነው የከተትከው። ሳጥኑን ካሰፋኸው አገር ምድሩ ይገባል የኔ ልጅ። እዚያ ውስጥ ገብቶ ጉብታውም ምሰሶውም አንድ ነው የሚመስለው። በደቂቃ በደቂቃ ስትከፍተው ነው ጉዱ የሚወጣው።»

«ታዲያ ምን ሊሉ ነው? ሹፌሮቹ ይዋሻሉ?»

«እሱን አላውቅም። የማላውቀውን አልናገርም። ግን ይህን ምሰሶ የሠራው የሰው እጅ ነው፤ ምን እንደሆነ ሳናውቅ ጣቢያ አይዘጋም።»

ሰው ሰዓቱን ያያል። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ያንኳኳል። ውሳኔው የተጻፈበት ወረቀት ፊቱ ነው፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። እመት ክምር ደግሞ አልቀመጥም ብለው ምሰሷቸው ስር ቆመዋል።

«ኧረ ይብቃን እትዬ!» አልኩ። «ቁጥሩ ቢያንስ ጠሉት፣ ቢበዛ ጠሉት። አሁን ደግሞ ልክ ስለሆነ ጠሉት?»

አዩኝ። የተቀየሙኝ አልመሰለኝም፤ ያዘኑልኝ ነው የመሰለኝ፣ እሱ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። አንድ ነገር ልጨምር አፌን ስከፍት ስልኬ ተንቀጠቀጠ። እህቴ ናት። ስብሰባ ላይ ስሆን አትደውልም።

«እማዬን... እማዬን ደረቷን ያዛት» አለች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «አስቀምጫታለሁ። ላብ በላብ ሆናለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ቅድም ደውዬ መጣን ብለውኛል። እስካሁን የሉም!»

ወንበሩን ገፍቼ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። የስምሪት ክፍሉ ከኮሪደሩ ባሻገር ነው። በሩን በትከሻዬ ከፈትኩት። የሬዲዮ ኦፕሬተሯ ማዳመጫዋን ጭና ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ያለው ትልቁ ስክሪን ላይ የእናቴ ሰፈር፣ የእናቴ መንገድ፣ የቤት ቁጥሩ ሳይቀር ይታያል። ጎኑ አረንጓዴ ነው። «ደርሷል። ዘጠኝ ደቂቃ።»

ተመስገን!

«ደርሰዋል!» አልኩ በስልኩ። «ደርሰዋል፣ አይዞሽ!»

«ማን ነው የደረሰው?»

«አምቡላንሱ!»

«በር ላይ ቆሜያለሁ እኮ። መንገዱ ጭር ብሏል። ማንም የለም።»

«ደርሰዋል ይላል እኮ!»

«ማን ነው የሚለው?»

ጉድ በሉ። ለአንድ አፍታ ያመንኩት ስክሪኑን ነው። እህቴ በር ላይ ቆማ፣ በዓይኗ እያየች፣ «ቤት ተሳስተው ይሆናል፣ ወደ ጎረቤት ተመልከቺ» አልኳት። ተመለከተች። ውሻ ብቻ ነው ያለው አለችኝ።

ከኋላዬ የእመት ክምር ድምፅ ተሰማ፣ ዝቅ ያለ። የሚያወሩት ከኦፕሬተሯ ጋር ነው።

«ሹፌሩ ማነው?»

«ፊሽካ ነው እትዬ።» ፊሽካ ሲነዳም ሲቆምም ማፏጨት የማይተው አንጋፋ ሹፌራችን ነው።

«ፊሽካ ‹ደርሰናል› ሲል የት ሆኖ ነው?»

ኦፕሬተሯ ማዳመጫዋን አወለቀች። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው የተባለች ያህል ነው የገረማት።

«ሐዲዱ ጋ ነዋ። ከሐዲዱ ወዲያ የድንጋይ ካባው ጉብታ ስለሚጋርደው ሬዲዮ አይሰማም። ሳይናገሩ ካለፉ ይጠፉብናል፤ ሲስተሙም መኪና ጠፋ ብሎ ይጮሃል። ስለዚህ ሐዲዱ ጋ ሲደርሱ ‹ደርሰናል› ይላሉ፣ እኔም እጫናለሁ። የማዶዋ መኪና ተይዛ ከዚህ ስንልክም እንዲህ ነበር፤ እኔ ስቀጠርም ያገኘሁት እንዲሁ ነው። ሁሉም ሰው ያውቀዋል እኮ!»

«እኔ አላውቅም» አለ ሥራ አስኪያጁ ከበሩ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ከሪፖርቱ በቀር። ዘጠኝ ደቂቃ ማለት ከዋናው ጣቢያ እስከ ሐዲዱ ነው። ከሐዲዱ እስከ እናቴ በር ያለውን ማንም ለክቶት አያውቅም።

«መሻገሪያው አሁን ክፍት ነው ዝግ?» አሉ እመት ክምር።

ማንም አያውቅም። ሬዲዮው የለም። የፊሽካ ስልክ ቢደወል ይጠራል፣ አያነሳም፤ እየነዳ ስልክ አያነሳም፣ ደንብ ነው፣ ደንቡን ያወጣነውም እኛ ነን። በዚህ መሃል በእህቴ ስልክ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ረጅም ጡሩምባ። ቀጥሎም የማያልቅ የብረት ኳኳታ።

«ባቡር ነው» አለች እህቴ። አለቀሰች።

የጭነት ባቡር ነበር። የጭነት ባቡር ርዝመት የሚገባችሁ እንዲያ ሲያልፍ ስትሰሙት ነው። አንዱ ፉርጎ አለፈ ስትሉ ሌላው ይመጣል። ኦፕሬተሯ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችና ለእህቴ በቀስታ ትነግራት ጀመር፤ ቀና አድርገሽ አስቀምጪያት፣ አታስተኚያት፣ የአንገቷን ቁልፍ ፍቺላት፣ ያ ሐኪም የሰጣት ኪኒን ከምላሷ ስር፣ አትራመድ፣ አዋሪያት። እኔ የምሠራው ስላጣሁ መሃል ወለሉ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ቀና ስል እመት ክምር የግድግዳውን ሰዓት አፍጥጠው ያያሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ሰዓት ነው የሚያዩት?» ብዬ ጮህኩ። «እናቴ እየሞተች ሰዓት ነው የሚያዩት?»

አልመለሱልኝም። ዓይናቸውን ከሰዓቱ ሳይነቅሉ እጃቸውን ዘርግተው እጄን ያዙኝ። ጥፍራቸው እስኪወጋኝ ድረስ ጨመቁኝ። እኚህ በነገር ሁሉ የሚከራከሩ ሴትዮ እንደኔው መፍራታቸው ያኔ ገባኝ፤ አጥብቄ ያዝኳቸው። ፈርቼ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ፣ እንደ ልጅ ፈርቼ ነበር።

ኳኳታው አለቀ። ከዚያ እህቴ «ሳይረን... ሳይረን ይሰማኛል» አለች፣ ደግሞ ጮኸች። «መጡ! በዚህ! በዚህ ነው!» ስልኩ ወደቀ መሰለኝ፤ የእግር ሩጫ፣ የበር መከፈት፣ የሚጎተት ነገር ብቻ ይሰማል። በመሃል የፊሽካ ድምፅ መጣ፣ ከእናቴ አጠገብ ሆኖ።

«አይዞዎት እማማ፣ ደርሰናል።»

እመት ክምር ሰዓቱን ትተው ወንበር ላይ ዘጭ አሉ።

እናቴ ተረፈች። ሐኪሙ «ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ...» ብሎ አልጨረሰውም። ጨርሰው አላልኩትም።

ስብሰባው በማግስቱ ቀጠለ። ያልተፈረመው ወረቀት ሥራ አስኪያጁ ፊት እንዳለ ነው፤ ምሰሶውም ግድግዳው ላይ። እመት ክምር ወደኔ መጡና አንዲት ቢጫ ወረቀት ዘረጉልኝ። ሃያ ስድስት የሚል ብቻ ተጽፎባታል።

«የእናትህ ናት» አሉኝ። «እህትህ ከደወለችበት እስከ በሩ። ከዚህ ሁሉ ወረቀት እውነተኛ ሰዓቷን የማውቃት እሷን ብቻ ነው። አንተ ካልፈቀድክ ግን አልለጥፋትም።»

ወረቀቷን ተቀበልኳቸው። በምሰሶው አጠገብ አለፍኩ። የማዶው ቁጥር የተጻፈው እስከ አሥራ አምስት ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል ያለ የለም። እመት ክምር ማርከራቸውን ይዘው ከፊቴ ከፊቴ እየሄዱ ባዶው ግድግዳ ላይ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት እያሉ ጻፉ። ሃያ ስድስት መብራት ማብሪያው ጎን ደረሰ። እዚያ ለጠፍኳት፣ ብቻዋን።

ሥራ አስኪያጁ አንዴ ምሰሶውን፣ አንዴ እሷን ያያል።

«ሌሎቹስ?» አለ በመጨረሻ። «የነዚህስ እውነተኛ ቦታቸው የት ነው?»

«አላውቅም» አሉ እመት ክምር። «ያን ግማሽ ሰዓት ጠበቅን ያለውን ሰውዬ ብንጠይቀው ጥሩ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሁለት ቦታ ቀደደው። «መኪናዋ ዛሬውኑ ትመለስ» አለ። ሰውዬውንም ራሱ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀው፤ ይህን አደንቅለታለሁ።

አሁን ሹፌሮቻችን «ደርሰናል» የሚሉት በር ላይ ቆመው ነው፣ በስልክ። ከሐዲዱ ወዲያ ሬዲዮው አሁንም አይሰማም። የመጀመሪያው ወር የማዶ ክምር ሲሠራ አምስትና ስድስት ላይ አብጦ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ሳሳ ሳሳ እያለ ወረደ። እመት ክምር የልጅ ልጃቸው ጥርስ ያበቀለ ያህል ቢሮዬ ድረስ ሮጠው መጡ። «አየህልኝ? ጭራ አወጣች!» ጭራዋ ላይ ያሉትንም አንድ በአንድ እየጠየቁ ለምን እንደዘገዩ ያጣራሉ። ሪፖርቴንም እንደ ድሮው ይመልሱታል። ይለወጡ አይባል ነገር፣ መቼም እመት ክምር ናቸው።

እናቴን ሊጠይቁ ብርቱካን ይዘው መጥተው ነበር። እናቴ ደግሞ ‹ደህና ነኝ› ባይ ናት፤ እኔና እህቴ ስንት ቀን ጠይቀናታል፣ መልሷ ያው ነው።

«እንዴት ሰነበቱ እማማ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

እመት ክምር መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ ሲያደርጉ እኔ በሆዴ ‹ኧረ በፈጠረዎት፣ እዚህም?› አልኩ።

«አማካዩን ይተዉትና እማማ፣ ክምሩን ይንገሩኝ። በሳምንት ውስጥ ስንቱ ቀን ነው ደህናው?»

እናቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እሳቸውን። ሻርፗን አስተካከለች። «አብዛኛው ቀን ደህና ነው» አለች። «ጠዋት ጠዋት ግን ደረጃ ስወጣ... እሁድ ዕለት ደግሞ ትንሽ...» ብላ ጀመረች። እመት ክምር አላቋረጧትም። ብርቱካኑን እየላጡ አዳመጧት። እኔና እህቴ ያን ቀን የሰማነውን፣ ልጆቿ ሆነን ሰምተነው አናውቅም። በሳምንቱ ሐኪሙ መድኃኒቷን ለወጠላት።

የስብሰባው ክፍል ግድግዳ ከዚያ በኋላ ተጠርጓል፤ ሌላ ክምር ተሠርቶበት ያም ተነስቷል። መብራት ማብሪያው ጎን ያለችውን ቢጫ ወረቀት ግን ማንም አላነሳትም። ፅዳት የምትሠራው ሴትዮ ስትወለውል ዙሪያዋን ብቻ ትጠርጋለች። ማታ ወደ ቤት ስሄድ መብራቱን የማጠፋው እኔ ስለሆንኩ፣ ሙጫዋ እንዳይለቅ በአውራ ጣቴ ጫን አደርጋታለሁ። ሰው ሲያየኝ አፍራለሁ፤ የማደርገው ማንም ካላየኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጣቴን ሳሳርፍባት ለሰለሰችኝ። ቀረብ ብዬ ባየው፣ ከዳር እስከ ዳር ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስተር ተለጥፎባታል፣ ማዕዘኑ በመቀስ ተስተካክሎ። ዞር ስል፣ በተከፈተው በር በኩል እመት ክምር ጠረጴዛቸው ላይ አጎንብሰው የኔን ሪፖርት በቀይ ይሰርዙ ነበር፤ ቀና አላሉም። መብራቱን አላጠፋሁም፣ እስኪጨርሱ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳቸው።